ዐለት የሚያለቅስለት አገር

ስሙኝማ! ጀበናው ገና አልፈላም፤ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ።

ከላሊበላ ከተማ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ ከመንገዱ ገባ ያለ ገደል አለ። የገደሉ ሆድ ጎድጉዶ ዋሻ ሆኗል። በዋሻው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ነአኩቶ ለአብ ይባላል። ከተማው ውስጥ እንዳሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ዋሻውን ጣራ አድርጎ በድንጋይ የተገነባ ነው። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ አንድ ድምፅ ትሰማላችሁ። ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ከዋሻው ጣራ የሚወርድ ውኃ ነው። ከሥሩ ዘመን የቦረቦራቸው የድንጋይ ገበታዎች ተቀምጠዋል። ጠብታው እዚያ ይጠራቀማል፤ ካህናቱ ይቀዱና ለታመመ ያጠጣሉ፤ የከፋውን ይረጩታል። ጠበል ነው።

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ሄጄ ጣቴን ልነክር ስል እጄን ያዘችኝ። ቆብ የጫነች መነኩሲት ነበረች። «ተው ልጄ፣ እንባ ነው» አለችኝ። የማን እንባ እንደሆነ ጠየቅኋት። መልሷ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬ ግን ይኸው የማወጋችሁ እሱን ነው።

ነአኩቶ ለአብ ንጉሥ ነበር፤ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ፣ የሐርቤ ልጅ፣ የላሊበላ የወንድም ልጅ። ስሙ ግእዝ ነው፤ «አብን እናመስግን» ማለት ነው። ገድሉን የሚተርኩ ካህናት እንደሚሉት፣ ይህ ንጉሥ የጌታን ሕማምና ሞት እያሰበ በዚያ ዋሻ ሲያለቅስ ኖረ። በመጨረሻም ጌታ ተገልጦ፣ ከእንግዲህ አንተ አታልቅስ፣ እስከ ዳግም ምጽአቴ ድረስ ይህች ቦታ ታለቅስልሃለች አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐለቱ ያነባል። በዓሉም ኅዳር 3 ቀን ይከበራል።

እስቲ ነገሩን አስተውሉት። ንጉሡ ለሌላው ሕማም አለቀሰ። ዐለቱ ለንጉሡ አለቀሰ። ዐለቱ ያነባውን ደግሞ የታመመ ሰው ጠጥቶ እድናለሁ ይላል። ንጉሡም ዐለቱም ለራሳቸው አላለቀሱም። አገራችን ላስታ ስለ ሐዘንና ስለ ፈውስ የሚያውቀው ሁሉ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን አይወጣውም፤ የሚያለቅስለት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ኅዳር ላይ ወጡ፤ ታኅሣሥ ላይ ተመልሰው ገቡ፤ ዳግም ወጡ። በእነዚያ ወራት መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ከዚያ አስቀድሞ ኮሮና እንግዳውን አባርሮት ነበር፤ በመንገድ መሪነት፣ በሆቴል፣ በበቅሎ ኪራይ የሚያድረው ሰው ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር። ይህን አላስረዝመውም፤ ያየው ያውቀዋል።

የማወጋችሁ ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 2014 ላይ የሆነውን ነው። በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎቹ በጨለማ ተሰብስበው ይመጡና ደጅ ይቆማሉ። እናት በዚያ ሰዓት የብዙ እግር ኮቴ ከሰማች ነገሩ ሳይነገራት ይገባታል። ጎረቤታችን እንዲያ ተረዳች። ስሟን አልጠራም። የዘመተ ልጇ ወድቋል፤ አስከሬኑ አልመጣም፤ የወደቀበትን አፈር የሚያሳይ ሰው እንኳን አልተገኘም።

ድንኳን ተጣለ። አስከሬን ስለሌለ ፎቶግራፉ ወጣ፤ ጋቢው ወጣ፤ ጅራፉ ወጣ። አገሩ መጥቶ አለቀሰ። እናትየዋ ግን አላለቀሰችም። ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ሰልስት አለፈ፤ እህል አልቀመሰችም። ሲያናግሯት አትመልስም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው «እንባዋ ወደ ውስጥ ፈሰሰ» ተባባሉ። ይህን ቃል ልብ በሉት፤ ወደ ውስጥ የፈሰሰ እንባ ያሳብዳል፣ ይገድላል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው።

ከወንዝ ማዶ አንዲት አልቃሽ ተጠራች።

አልቃሽ ወይም ሙሾ አውራጅ ስንል ከተሜው የሚመስለው ጮክ ብላ የምትጮህ ሴት ናት። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ያችን ቀን ግን ሥራዋን ከመጀመሪያው አየሁት። እንደመጣች ወደ ድንኳኑ አልገባችም። በጓሮ ዞራ ማጀት ገባች። ታናሽ ወንድሙን አስጠራችው። ወንድምህ የቱን በሬ ይወድ ነበር? ሲሄድ መጨረሻ ምን አለ? ማንን ተሰናበተ? ምን ሳይጨርስ ሄደ? ልጁም ቦራ የሚባለውን በሬ ይወድ እንደነበር፣ ሲወጣ በሩ ላይ ተመልሶ ቦራን እንዳሻሸው ነገራት። ወደ በረቱ ሄዳ በሬውን አየችው። ከግድግዳው ላይ ሞፈሩን አየች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ድንኳኑ የገባችው።

መጀመሪያ ዘሩን ቆጠረች፤ አባቱን፣ አያቱን፣ የአያቱን አባት። ሴቶቹ ከበው ይቀበሏታል፤ ደረታቸውን እየደቁ ረገዳውን ይረግጣሉ። ቀስ እያለች ወደ ልጁ መጣች። ከዚያም ዞር ብላ ወደ እናትየዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

ሞፈሩ ተሰቅሎ ቀንበሩ ተጋድሞ፣
ቦራ ይጠይቃል ከደጃፉ ቆሞ።

ያች እናት ቀና አለች። አፏ ተከፈተ። «ልጄን!» አለች፤ ሦስት ቀን ያልወጣው ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበርን ወንዶች ሁሉ ጋቢያችንን በፊታችን ላይ ሳብን። ማታውን አጥሚት ጠጣች። በማግስቱ ጠዋት ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች፤ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ ጥርሱ መቼ እንደወጣ።

ስለ ሞት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ጀግንነት ብዙ ግጥም በዚያ ድንኳን ተገጥሞ ነበር። አንዱም አልነካትም። የነካት በሬው ነው። ያች አልቃሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ሐዘን የሚከፍተው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ፈልጎ የማግኘት ጥበብ ነበራት። እኔ ይህን ሕክምና ነው የምለው። በዚያው ድንኳን የነበሩት ሌሎች ሴቶችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሙት አንሥተው ነበር ያለቀሱት። ለቅሶ ደራሽ ለሌላው ሊያለቅስ ይመጣል፤ የራሱንም አልቅሶ ይሄዳል።

ካህናት ከልክ ያለፈ ለቅሶን፣ ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን ይከለክላሉ። ምክንያታቸው ትንሣኤ አለና ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ የሚል ነው፤ አከብረዋለሁ። የእናትየዋ የንስሐ አባትም ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ያች እናት አምርራ ስታለቅስ አልገሠጹም። አንገታቸውን ደፍተው ጸለዩ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጎህ ልንገራችሁ።

በዚያ ሰዓት ደጅ የሚቆመው መርዶ ነጋሪ ብቻ አይደለም። ላሊበላም አለ። ከተማውን ማለቴ አይደለም፤ ሰዎቹን ነው። በሸዋ፣ በወሎ፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ አዲስ አበባም ውስጥ ሌሊቱ ሳይነጋ በር ላይ ቆመው የሚያዜሙትን። ሐሚናም ይሏቸዋል። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ ትቀበላለች። አስቀድመው ከጎረቤት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ ሥራውን ጠይቀዋል። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ስማችሁ በዜማ ይጠራል። ትነቃላችሁ። እህልም፣ ገንዘብም፣ አሮጌ ልብስም ትሰጣላችሁ። ከዚያ ምርቃቱ ይወርዳል፤ ዘርህ ይብዛ፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ክፉ አይይህ... ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ።

ስማቸው ከንጉሥ ላሊበላ ስምና ከአገሬ ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። ሕዝቡ ስለነሱ የሚያወራውን ግን ስሙ፤ ማዜሙን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይላል። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ዜማ ስለተው ማንንም አይዝም። ይህ ወሬ ግን ስንት ትውልድ ሙሉ እነዚህን ሰዎች ከጋብቻና ከማኅበር አርቋቸዋል። እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋ አላቸው። ካዋሴ ኢትሱሺ የተባለ ጃፓናዊ አጥኚ ጎንደር ተቀምጦ ሕይወታቸውን ቀርጿል፤ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2005 ሠራው። ከጃፓን ድረስ መጥቶ የቀረጻቸው ሰው አለ፤ እኛ በደጃችን ሲቆሙ በሩን እንዘጋለን። ይህን ስናገር ያመኛል።

ብቻዋን የምትኖር፣ ስሟን የሚጠራት የሌላት አንዲት ባልቴት አስቡ። ጎህ ሳይቀድ አንድ ድምፅ በስሟ ጠርቶ ይመርቃታል። የዚያን ዋጋ በብር የሚተምን ማን ነው?

አዝማሪውስ? አዝማሪ ቤት የገባ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የከፋው ሰው ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል። አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ መልሶ ያዜምለታል። ሰውየው በራሱ አንደበት ሊለው የማይደፍረውን፣ የካደችውን ሚስት ይሁን የበደለውን ሹም፣ በአዝማሪው አፍ ይለዋል። ቤቱ ይሰማል፤ ሰውየው ግን አልተናገረም። እንባውን በሌላ ዓይን አነባው ማለት ነው።

ይህን ኃይል የተረዳው ጠላት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተፈጸመው እልቂት በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እየያዙ እንዲረሽኑ አዘዘ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር ማሲንቆ የያዘን ሰው ለምን ፈራ? አዝማሪው ከገበያ ገበያ እየዞረ ሕዝቡ ማን እንደሆነ ያስታውሰው ስለነበር ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞቻችንም ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1739 በደቡብ ካሮላይና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ከበሮ እየመቱ ዐመፁ፤ በዓመቱ የወጣው ሕግ ከበሮ ከለከላቸው። ከበሮው ሲወሰድባቸው በእግራቸውና በእጃቸው መቱ፤ ድምፃቸውን አቀናጅተው አዜሙ። ባርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ በናሽቪል የሚገኘው የፊስክ ትምህርት ቤት በዕዳ ሊዘጋ ሲል ዘጠኝ ወጣቶች እየዘመሩ ገንዘብ ሊለምኑ ወጡ። እነዚህ ወጣቶች የወላጆቻቸውን ዜማ መጀመሪያ በሰው ፊት አልዘመሩትም፤ ባርነትን ያስታውሳል ብለው አፈሩበት፤ ለወላጆቻቸውም የተቀደሰ ነገር ነበርና በር ዘግተው ነበር የሚዘምሩት። በኋላ በአደባባይ ባወጡት ጊዜ ዓለም ቆሞ ሰማቸው። ትምህርት ቤቱ ዳነ። ዱቦይስ የተባለው ታላቅ ጥቁር ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው መጽሐፉ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእነዚህ ዜማዎች ሰጠ፤ የሐዘን መዝሙሮች ብሎ ጠራቸው።

በር ዘግቶ መዘመርን እኛም እናውቀዋለን። ከተማ የገባ የአልቃሽ ልጅ እናቱ ምን እንደምትሠራ ሲጠየቅ «ገበሬ ናት» ብሎ ያልፋል። «አዝማሪ» ስድብ ሆኖ ስንት ዘመን ኖረ። «ሐሚና» እስከ ዛሬ ስድብ ነው።

ወደ ወሎ ልመለስና ስለ አንዲት ሴት ደግሞ ልንገራችሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ፒያኖና ቫዮሊን ተማሩ። ጣሊያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከዘመዶቻቸው ሦስቱ በጣሊያን ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል አገኙ፤ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። በሐዘን እህል እምቢ አሉ፤ ሞት አፋፍ ደረሱ። ከዚያ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ገብተው ቆብ ጫኑ። ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ።

ከዚያ ሲወርዱ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የራሳቸው ሐዘን ሞልቶ ሳለ ለእነዚያ ልጆች ቤት አልባነት ፒያኖ ነኩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያስቀረጹት ሸክላ ገቢው ለችግረኞች ነበር። ጣታቸው የሚያወጣውን ሰምታችሁ ከሆነ የአውሮፓ መሣሪያ በአበሻ ቅኝት ሲያንጎራጉር ሰምታችኋል። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ግሸንና ነአኩቶ ለአብ ያሉት በአንድ ወሎ ነው፤ እኔ በእማሆይ ሙዚቃ ውስጥ ያንኑ ጠብታ እሰማለሁ።

ላሊበላ ከተማ ላይ ይህ ሐዘንን እየተቀባበሉ ማዜም ትልቁን መልኩን የሚይዘው በገና ቀን ነው። ካህናቱ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ግማሾቹ ማሜ ጋራ ላይ፣ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው የዐለት ጠርዝ ይሰለፋሉ፤ ግማሾቹ ከታች ይቆማሉ። የላዮቹ መላእክት፣ የታቾቹ ሰዎች ናቸው። «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን መዝሙር እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ከጦር እጅ በወጣች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሕዝቡ ያንን ጠርዝ ሞልቶት ነበር። የውጭ እንግዳ የራቀው፣ ጎተራው የተራቆተ ሕዝብ ነው። ከታች ያሉት ሲያዜሙ ከላይ መልስ ነበረው። ብዙ ሽማግሌ እያለቀሰ ሲያሸበሽብ አይቻለሁ። በ2016 መጀመሪያ ወራት ደግሞ በዚያችው ከተማ መከላከያና ፋኖ ተዋጉ። የላስታ ለቅሶ ገና አላለቀም።

ያች ልጇን ያጣች እናት በዚያው በ2014፣ አርባው ካለፈ በኋላ፣ ነአኩቶ ለአብ ወጥታ ጠበል ጠጣች። አብሬያት ነበርኩ። በድንጋዩ ገበታ አጠገብ ቆማ ለረጅም ጊዜ ወደ ጣራው አየች። «እሱም አይደክመው» አለችኝ።

ወንዝ ማዶዋን አልቃሽ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ረገዳ አይችልም። ስንት ድንኳን ውስጥ ስንት እናት እንዳስለቀሰች ጠየቅኋት፤ ሳቀች፤ አልቆጠረችም። ያወረደችውን ግን አትረሳም። የእያንዳንዱን ሟች ስም፣ የወደደውን በሬ፣ ሳይጨርስ የሄደውን አጥር ሁሉ ታውቃለች። በእጄ ስልክ ነበር፤ ድምፅ መቅጃ ነበረው። ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቀዳኋት። ስትተርክ ለማን ማልቀስ እንደከበዳት ጠየቅኋት፤ «ለራሴ ልጅ» አለች። ለእሷ ማን እንዳለቀሰላት ጠየቅኋት። ዝም አለች።

እንግዲህ ጀበናው ፈልቷል፤ ልነሣ ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመንደራችሁ እንዲህ ያለች ሴት ካለች፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከሆነች፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ስልካችሁን አውጥታችሁ አጠገቧ አስቀምጡና የማንን ሙሾ እንዳወረደች ጠይቋት፤ ስማቸውንም ጻፉ። ሥራዋን የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ «ገበሬ ናት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ነገ ጎህ ሳይቀድ ደጃችሁ ላይ ላሊበላ ቆሞ ስማችሁን ሲጠራም በሩን ክፈቱለት፤ ምርቃቱን እስኪጨርስም ቁሙ።